ግርማቸው የዘረጋው ነጭ መንገድ

ጠዋት ጠዋት፣ የጎባ ጉም ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ሳይነሣ፣ አስካለ ወንድሟን በብብቱ ይዛ ከአልጋው ታነሣዋለች። እሱ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ እሷ በትከሻዋ እየደገፈችው፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ታደርሰዋለች። ጋቢውን ታለብሰዋለች፣ ፊቱን በሞቀ ውሃ ታጥብለታለች፣ ገንፎውን በማንኪያ ታጎርሰዋለች፣ ከከንፈሩ ጥግ የሚወርደውን ትጠርጋለች። ከዚያ እሷ ወደ ሹራብ ማሽኗ ትዞራለች፤ እሱም ወደ መጫወቻ ጡቦቹ። የማሽኑ ጥርስ ሸርተት፣ ሸርተት ሲል፣ ከኋላዋ ደግሞ ላስቲክ ጡብ ከላስቲክ ጡብ ሲገጥም ቀጭ ይላል። ቤቱ ውስጥ ከዚህ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ግርማቸው ታላቋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አይሱዙ ነድቷል፤ ከጎባ ሲሚንቶ ጭኖ በሳነቴ ተራራ አናት ተሻግሮ ደሎ መና ይወርዳል፣ ከዚያ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እንደወትሮው መጣ፤ መኪናውን ደጅ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ የግቢውን በር በእጁ እንደያዘ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አንደበቱ ተዘጋ። ነገር ይገባዋል፤ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያለቅሳል፤ ግን አንዲት ቃል፣ «አስካለ» እንኳን፣ ከአፉ አልወጣችም። ያ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ከሞተር በላይ ማውራት የለመደ ሰው አራት ወር ሙሉ ዝም አለ።

ጡቦቹን ያመጣችው በየሳምንቱ እየመጣች እጁን የምታሠራው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ራውዳ ናት። ከተዘጋ መዋዕለ ሕፃናት የተረፈ ትልቅ ካርቶን ነው። የበረዶ አገር ተረት መሥሪያ ኖሯል፦ የማያልቅ የሚመስል ነጭ ጡብ፣ እንደ በረዶ ብርሃን የሚያሳልፉ ሰማያዊ ግንቦች፣ ካባ የለበሰ ንጉሥ፣ ፈረስና ጋሪ፣ ሁለት ተኩላ፤ እና ጣት የምታህል፣ ፀጉሯ ነጭ፣ የፊቷ ቀለም በልጆች እጅ ተፍቆ ያለቀ ሴት።

«ታሪኩ ውስጡ አለ፣ አስካልዬ፤ ወደ አፉ የሚያደርሰው መንገድ ነው የተዘጋው» አለቻት ራውዳ። «በግራ እጁ ይንገረን። አንቺ የሠራውን እያየሽ ጠይቂው፤ ሲነቀንቅልሽ ደብተር ላይ ጻፊው፣ ሳዪው።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአስካለ ደስታ ነበሩ። ወንድሟ ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ ጀምሮ ሜዳ አነጠፈ፤ ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ግራጫና አረንጓዴ እንጨት የመሰለ ነገር አቆመ፤ ከራሱ ፊት ለፊት፣ በወንበሩ በኩል፣ ሰማያዊ ግንብ ያለው ቤት ሠራ። አስካለ ከማሽኗ ተነሥታ ከጎኑ ትቀመጣለች።

«ይሄ አንተ የምታውቀው አገር ነው?»

ይነቀንቃል።

«ይሄ ንጉሥ በጋሪው መንገድ እየሄደ ነው?»

ይነቀንቃል።

«በረዶ ወርዷል። መንገድ ላይ ይቺን ሴት አገኛት። እንዲያሳፍራት ለመነችው?»

ግርማቸው ሴትዮዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ በቀስታ ነቀነቀ፤ ክንዱን አቅሙ እስከቻለው ዘርግቶም ከሜዳው መካከል ትንሽ አለፍ አድርጎ አቆማት። ንጉሡንና ጋሪውን ግን ቤቱ ውስጥ አስገባቸው። አስካለ ደብተሯ ላይ «ንጉሡ ጥሏት ሄደ» ብላ ጻፈች፤ ወንድሟ ተረት ማውራት ስለቻለ ደስ ብሏት አለቀሰች።

በማግስቱ ሴትዮዋ የጠረጴዛው ሩቅ ጫፍ ላይ ነበረች።

አስካለ መጀመሪያ ልብ አላለችም። ኋላ ገንፎውን እያጎረሰችው ሳለ ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ግርማቸው ከአግዳሚው ሆኖ እዚያ ጫፍ አይደርስም፤ ግራ እጁ ቢዘረጋ የሚደርሰው እስከ ሜዳው መካከል ነው፤ ያለ እሷ ድጋፍ ደግሞ አይነሣም። እንዲያውም ጫፉ ከሜዳው ውጭ ነው፤ ሴትዮዋ የቆመችው ባዶ እንጨት ላይ፣ ጡብ በሌለበት ነው። ከእግሯ ሥር አንዲት የውሃ ጠብታ አለች። አስካለ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት። ውሃው ጣቷን እንደ መርፌ ወጋት።

«አንተ ነህ እንዴ እዚያ ያቆምካት?»

ግርማቸው ራሱን ወዘወዘ። ከዚያ ወደ ነጩ ጡብ ክምር አመለከተ፣ ካርቶኑን እንድታስጠጋለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳ መሥራቱን ትቶ መንገድ መሥራት ያዘ። ነጭ ጡብ ከነጭ ጡብ እያስከተለ፣ ጠባብ፣ ረጅም፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ መንገድ። መንገዱ ሲረዝም ሰማያዊ ግንቡን ያፈርሰዋል፤ አፍርሶ ደግሞ ከመንገዱ ማለቂያ ላይ እንደገና ይሠራዋል። ጠረጴዛው ሲያልቅበት መንገዱን ወደ መስኮቱ ደፍ አሻገረው፤ ከመስኮቱ ደፍ ወደ ወንበሩ መደገፊያ፤ ከመደገፊያው አስካለ እያቀበለችው ወደ ወለሉ። እሷ በየቀኑ የቆመበትን ደብተሯ ላይ ትስላለች። ሴትዮዋም መንገዱ ላይ ናት፤ አንድ ቀን ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት፣ ሌላ ቀን ከመታጠፊያው በኋላ፣ ሁልጊዜ ፊት የሌለው ፊቷ ወደ ግንቡ እንደዞረ። አስካለ አንድም ቀን ስትንቀሳቀስ አላየቻትም። ዞር ስትል ግን ቦታዋ ላይ አትገኝም።

ቤቱ መብረድ ጀመረ። የጥር ፀሐይ ግቢውን ሞልቶ፣ የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ በአንድ ሰዓት እየደረቀ፣ እነሱ ሳሎን ውስጥ እስትንፋሳቸው ይጨሳል። ክሩ በማሽኑ ጥርስ መካከል እየደረቀ ይበጠሳል። የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በኩል አመዳይ ያወጣል፤ አስካለ በጨርቅ ትጠርገዋለች፣ ጨርቁን ጨምቃ ስትመለስ እንደገና ነጭ ሆኖ ታገኘዋለች። ሽታም መጣ፦ የረጠበ ሱፍ፣ የቀዘቀዘ ድንጋይ፣ ብዙ መንገድ የተሄደበት እግር ሽታ። ወለሉን በበረኪና አጠበችው፤ በረኪናው ደርቆ ሲያልቅ ያው ሽታ ከሥሩ ተነሣ።

አንድ ቀን ግርማቸው ትኩሳት ይዞት አልጋው ላይ ዋለ። እኩለ ቀን ላይ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሾርባ እየሰጠችው፣ ግራ እጁን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ከሳሎኑ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

ቀጭ።

ጡብ ሲገጥም አይደለም፤ ድምፁን በደንብ ታውቀዋለች። ቀለል ያለ ነው፤ ትንሽ የላስቲክ እግር ከአንዱ ጡብ ተላቅቆ በሚቀጥለው ላይ ሲቆም ነው።

ቀጭ።

ግርማቸው እጇን ጨመቀ። ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም፤ በጉንጩ ላይ እንባው ይወርዳል። ቀጥሎ ባልሞተው ጎኑ ተፍጨርጭሮ ከአልጋው ሊወርድ ሞከረ፣ ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ጡቦቹ። አስካለ ደረቷን ደረቱ ላይ ጥላ ያዘችው። «ተው ወንድምጋሼ፣ ተው በእናትህ፣ ምንም የለም» እያለች ያዘችው፤ በዚያው ቅጽበት ድምፁን ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሰማች።

ጋሽ ከድር የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። የግርማቸው ባልደረባ ናቸው፣ ሽማግሌ ሾፌር፤ ወንድሟ ከወደቀ ጀምሮ ሲጠይቁት ይሄ ሁለተኛቸው ነው። ሳሎኑን እንደረገጡ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ዓይናቸው በጠረጴዛው ላይ ባለው ሜዳ ላይ ሄደ፣ በግራጫዎቹ እንጨቶች መካከል ተመላለሰ።

«ይሄ ሳነቴ ነው» አሉ። «ይሄ ጅብራው ነው። ይቺ ጋሪ አይሱዙዋ ናት።»

ግርማቸው ነቀነቀላቸው። ጋሽ ከድር መንገዱን በዓይናቸው ተከትለው መስኮቱ ደፍ ላይ ደረሱና ሴትዮዋን አዩ። አልተቀመጡም። «እግዜር ይማርህ ወንድሜ» ብለው ግንባሩን ሳሙት፤ አስካለን በዓይናቸው ጠርተው ወጡ። ፀሐይ ላይ፣ የግቢው በር አጠገብ ሲደርሱ ነው የተናገሩት።

«እሱ የወደቀ ቀን ሳነቴ ላይ ከኋላው ነበርኩ። በረዶው ጎማ ይውጣል፣ ሜዳው ከሰማዩ አይለይም። ሴትዮዋ ከመንገዱ ዳር ቆማ እጇን ዘርግታለች፤ በነጠላ ብቻ፣ በባዶ እግሯ። ግርማቸው ቆመላት፣ በሩንም ከፈተላት። ከዚያ ምን እንዳየ እንጃ፣ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ነዳው። እኔም አለፍኳት እህቴ፤ አልዋሽሽም፣ እኔም አለፍኳት።»

«ከዚያስ ጋሽ ከድር?»

«ኬላው ጋ ስንቆም ጠየቅኩት። ፊቷን አይቼ ነው አለኝ። ምኑን ስለው አልነገረኝም። ቆይቶ ግን ምን አለኝ መሰለሽ? በስፖኪዮ እያየኋት ነው የመጣሁት፤ ስልሳ እየነዳሁ ከመስታወቱ ውስጥ አላነሰችም አለኝ። በእግሯ እየተራመደች፣ አላነሰችም። ቁልቁለቱን ስንጀምር ቆመች አለ።» ጋሽ ከድር ላባቸውን ጠረጉ። «እኔ ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አልነዳሁም።»

አስካለ ወደ ቤት ተመለሰች። ወንድሟ ፊት ተንበረከከች።

«አንተን ፍለጋ ነው የምትመጣው?»

ነቀነቀ።

«ይሄን ስለምትሠራ አይደል የምትመጣው? ታሪኩ ነው የሚጠራት!»

ራሱን ወዘወዘ፤ ደጋግሞ፣ ጋቢው ከትከሻው እስኪወድቅ ወዘወዘ። ግራ እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ፣ ወደ ነጩ ጡብ፣ ደግሞ ወደ ግንቡ፣ ደግሞ ወደ ጡቡ። ጉሮሮው ውስጥ ድምፅ ታገለ፤ ከአፉ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ካርቶኑን ገለበጠው። ባዶ ነበር። ነጩ ጡብ አልቋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የእብደት ቀናት ነበሩ። ግርማቸው ያገኘውን ነጭ ነገር ሁሉ ይለምናል፦ የልብስ ቁልፎቿን ከመርፌ ቆርቆሮዋ፣ ስኳር፣ ጨው፣ የመድኃኒት ኪኒኖቹን ሳይቀር። በግንቡና በመንገዱ ማለቂያ መካከል እያሰለፈ ይዘረጋቸዋል። ምግብ አይበላም። ድካም አሸንፎት ሲያንቀላፋ በድንገት ይነቃል፣ እጁ አስቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ከስቶ የአንገቱ ጅማት ታየ። አስካለ ጸበል ረጨች፤ መንገዱ ላይ ያረፈው ጠብታ ረግቶ እንደ መስታወት ቅርፊት ሆነ። ሴትዮዋን ልታነሣት እጇን ዘረጋች፤ ሳትነካት ጣቶቿ ደነዘዙና እስከ ማታ አልተመለሱም። እየሞተ ነው፣ ስትል አሰበች፣ ዓይኔ እያየ ይሄ ጨዋታ እየገደለብኝ ነው። ሌላ ሰው የላትም። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደጋት፣ ቀለም ያስቆጠራት፣ ይሄን ማሽን የገዛላት እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስካለ ሴትዮዋ ግንቡ በር ለመድረስ አራት የልብስ ቁልፍ ብቻ እንደቀራት አየች። ያኔ ቆረጠች።

ሴትዮዋን በማሽኑ ጨርቅ ጠቅልላ አነሣቻትና ካርቶኑ ውስጥ ጣለቻት። ከዚያ መንገዱን ከወለሉ፣ ከመደገፊያው፣ ከመስኮቱ ደፍ በሁለት እጇ እያፈሰች ትጨምር ጀመር። ግርማቸው የሰው የማይመስል ድምፅ አወጣ። ግራ እጁ ቀሚሷን ያዘ፣ ክንዷን ያዘ፣ ፀጉሯን ያዘ፤ ካርቶኑን ሊነጥቃት ከአግዳሚው ወደቀ። አንሥታ አስቀመጠችው። እያለቀሰች ጨውንና ስኳሩን በመጥረጊያ ጠረገች።

«በቃ ወንድምጋሼ፣ በቃ! ታሪኩ አለቀ። አትመጣም። እኔ እያለሁ ማንም አይወስድህም።»

ያኔ መታገሉን ተወ። አይቷት፣ አይቷት፣ ዓይኑን ጨፈነ። በሩን ከውጭ ቆልፋ፣ ካርቶኑን አቅፋ፣ ደብተሩን ከላዩ ጥላ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደች።

ራውዳ የመጨረሻውን ሕመምተኛ ሸኝታ እጇን እየታጠበች ነበር። ካርቶኑን ተቀበለቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ከጎኗ አስቀመጠቻት። አስካለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ራውዳ አልሳቀችባትም፤ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ከፍታ፣ የየቀኑን ሥዕል በጣቷ እየቆጠረች፣ አንድ ገጽ ወደፊት፣ ሁለት ገጽ ወደኋላ እያለች ብዙ ቆየች።

«አስካልዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄ መንገድ ወደ ማን የሚወስድ ነው ብለሽ ነበር ያሰብሽው?»

«ወደ እሱ ነዋ። እሷን ሊያመጣት።»

«እይው እስቲ። እሷ በየቀኑ ሦስት ጡብ ትቀርባለች። እሱ በየቀኑ አራት፣ አምስት ይጨምራል። ቤቱንም እያፈረሰ ወደ ኋላ ይወስደዋል። እያመጣት አይደለም እኮ፤ እያራቃት ነው።» ጣቷ የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ። «ጡቡ ያለቀበት ቀን ነው ጨው የለመነሽ።»

አስካለ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ተረቱን ነው የምልሽ እንጂ…» ራውዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን በመካከላቸው ምን ቀርቷል?»

አስካለ ካርቶኑን ነጥቃ ሮጠች። ዳገቱን፣ ገበያውን፣ የባጃጆቹን ጥሩንባ ልብ አላለችም። መንገድ ላይ ጡቦቹ ከካርቶኑ እየዘለሉ ሲፈሱ ቆማ ለማንሣት አልደፈረችም። ስሙን እየጠራች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ የግቢዋ በር ስትደርስ ቁልፉ ከእጇ ሦስት ጊዜ ወደቀ።

ሳሎኑ ሞቆ ነበር።

የአሥር ሰዓት ተኩል ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተንጣሏል። መስታወቱ ጥርት ብሎ ደጁን ያሳያል። ያ ሽታ የለም፤ የሚሸተው የደረቀ ክርና የማሽን ዘይት ነው። ወለሉ ደረቅ ነው። ግርማቸው እንደተወችው አግዳሚው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጫፍ ተቀምጧል፤ ፊቱ ተረጋግቷል፣ ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ አርፏል፣ ዓይኑ ፊት ለፊት እንደ ሾፌር ያያል። ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ አየች። በሕይወት አለ።

ካርቶኑን መሬት ጣለችው። አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ክንዱን አቀፈች፣ ግንባሯን ትከሻው ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ትከሻው ሙቅ ነበር። «ይቅር በለኝ ወንድምጋሼ፣ አልገባኝም ነበር፣ እንደገና እንሠራዋለን፣ አብረን እንሠራዋለን» አለችው። በእጇ መካከል ያለው ክንድ፣ አምስት ወር እንደ ግንድ የከበደው ቀኙ ክንድ፣ ተንቀሳቀሰ። ቀና ስትል የተጣመመው ከንፈሩ ቀና ብሏል። የሚያየው ግን እሷን አልነበረም፤ ከትከሻዋ በላይ፣ ከኋላዋ ነበር።

እና ያ የናፈቃት ድምፅ፣ ከሞተር በላይ መናገር የለመደው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «አስካለ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በይላት፤ ቆማ እኮ ነው።»